ስለ እጅ ሥራ ስጦታና ስለ ቤት ጌጥ ለቆላ ከተሞች ነጋዴዎች የቀረበ አሳብ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ ያሉትን የሱቅ መደርደሪያዎች ተራ በተራ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። ይኸውም ለሰርግ፣ ለልደት፣ ለሽኝትና ለቤት ምረቃ ስጦታ ተብሎ የተደረደረው ዕቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑ ነው። የፕላስቲክ አበባ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ በመስታወት የተከደነ ሥዕል፣ ወርቅ መሳይ ቀለም የተቀባ የአበባ ማስቀመጫ፤ እነዚህ ሁሉ በመርከብ ጂቡቲ ደርሰው፣ በከባድ መኪና አዲስ አበባ ገብተው፣ ከዚያም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነገሌ ይራገፋሉ። በዚያው ሱቅ ደጃፍ ግን ጎርፋዋን በማንጠልጠያው ይዛ ወተት ልትሸጥ የመጣች ሴት ቆማለች። ነጋዴው ወተቱን ይገዛታል፤ ጎርፋውን ግን ልብ ብሎ አያየውም።

እኔ በአንድ ነጋዴ መደብር በጸሐፊነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ መዝገብ መያዝ፣ ደብዳቤ መጻፍና የዕቃ ማዘዣ ማዘጋጀት ስለ ሆነ፣ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚወጣ፣ የትኛውም አቧራ ለብሶ እንደሚቀር ከባለ መደብሩ ቀድሞ የሚታየው ለእኔ ነው። የነጋዴነት ብልሃት አለኝ ብዬ አልመካም፤ ነገር ግን መዝገብ የሚናገረው አለው። ከሚናገረውም አንዱ የሽኝት ስጦታ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛውና የእርዳታ ድርጅት ባልደረባው ዘወትር ይዛወራሉ። አንዱ ሲዛወር ጓደኞቹ ገንዘብ ያዋጡና ወደ ሱቅ መጥተው፣ «የቦረና ማስታወሻ የሚሆን ዕቃ አላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም የለንም እንላለን። እነርሱም ወይ የግድግዳ ሰዓት ገዝተው ይመለሳሉ፤ ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ደውለው ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ያስልካሉ። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ጥበብ የሚሸጥበት የተመሰገነ ገበያ ነው፤ የሽሮ ሜዳን ገቢ አልመቀኝም። ነገር ግን ገዢው ገንዘቡን በእጁ ይዞ በራችን ድረስ መጥቶ ስሙን ጠርቶ የጠየቀውን ዕቃ አጥቶ ሲመለስ፣ ጥፋቱ የገዢው ነው ለማለት የሚቻል አይመስለኝም።

ጎርፋን ለማያውቁ የደጋ አንባብያን ጥቂት ላስረዳ። ጎርፋ የቦረና ሴቶች ከዕፅዋት ሥር በሚወጣ ቃጫ የሚሰፉት የወተት ዕቃ ነው። ስፌቱ እጅግ የጠበቀ ከመሆኑ የተነሣ ወተት ይይዛል እንጂ አያንጠባጥብም። ውስጡ በሚጤስ እንጨት ይታጠናል፤ ጢሱም ለወተቱ መልካም ጠረን ይሰጠዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያቆየዋል። ክዳንና የቆዳ ማንጠልጠያ አለው፤ ቆዳውም በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። ከእርሱ አነስ ያለው ጪጮ ይባላል። ኦኮሌ የሚባለው ደግሞ ከቆዳ የሚሰፋ ባልዲ ነው፤ ቱላ በተባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች ተሰልፈው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉት በዚህ ነበር። ጎርፋ የሙሽራ ቤት ዕቃ ነው፤ እናት ለልጇ ታዘጋጅላታለች፣ ልጅቱም ባል ቤት ይዛው ትገባለች። እንግዲህ ይህ ዕቃ ከመጀመሪያውም ስጦታ ነበር ማለት ነው፤ ስጦታ እንዲሆን እኛ የምንጨምርለት ነገር የለም።

ይህ ጥበብ ዛሬ በሁለት በኩል ተመትቷል። አንደኛው ጀሪካን ነው። ጀሪካኑን አልወቅሰውም፤ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አህያም ግመልም ይሸከመዋል፣ እኛም ራሳችን እንሸጠዋለን። ወተት ለገበያ የምታመላልስ ሴት ሳምንታት በፈጀ ስፌት ፈንታ በጥቂት ብር የሚገዛውን ብትመርጥ የሚፈረድባት አይደለችም። ሁለተኛው ድርቅ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ገናም ሐገያም ሳይዘንቡ አለፉ፤ የቦረና ከብት በየሜዳው አለቀ። በመቶ የሚቆጠር ከብት የነበረው ሰው የእርዳታ እህል ተሰልፎ የተቀበለበት ዘመን ነው። ላሟ የሞተባት ሴት ባዶውን ጎርፋ ምን ታደርግበታለች?

የሆነውን የገበያ ሰዎች ሁሉ አይተናል። በእነዚያ ወራት አሮጌ ጎርፋ፣ አሮጌ ጪጮ፣ የአያት ጨሌና የአምባር ጌጥ ይዘው በየሱቁ በር የሚቆሙ ሴቶች በረከቱ። የሚጠይቁት ዋጋ ለጥቂት ኪሎ ዱቄት የሚበቃ ነበር። ይህን እየለቀሙ ወደ መሐል አገር የጫኑ ሰዎችም አልጠፉም። የእኛ ባለ መደብር ግን ይህን ዓይነት ግዢ አልወደደም። ዕቃቸውን ከመግዛት ይልቅ ለተወሰኑት ሴቶች ለጨሌና ለቆዳ መግዣ ቀብድ ሰጥቶ፣ አዲስ፣ በመጠኑም ትንሽ አድርገው ሠርተው እንዲያመጡ አዘዛቸው። ከሰጠው ቀብድ ጥቂቱ ሳይመለስ ቀረ፤ ከመጣውም ዕቃ አንዳንዱ ተጣሞ ስለ ነበር በቅናሽ ተሸጠ። የቀረው ግን መደርደሪያ ላይ አልሰነበተም። አንዳንዶቹ ነጋዴዎች በጊዜው ሳቁበት፤ አሁን ከእነርሱ መካከል ዕቃውን ከየት እንደሚያስመጣ የሚጠይቁት አሉ።

በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቄ የማነሣው ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ስለ ንግድም ነው። አሮጌ የቤተ ሰብ ዕቃ አንድ ጊዜ ተሽጦ ያልቃል፤ ከእርሱም ጋር ለአዲሱ ሥራ አብነት የሚሆነው ያልቃል። ልጅቱ ስፌቱን የምትማረው የእናቷን ጎርፋ እያየች ነው። በጎረቤታችን በኮንሶ የደረሰውን እናስታውስ። ለጀግና መታሰቢያ የሚቆሙት ዋጋ የተባሉት የእንጨት ምስሎች ከመቃብራቸው ላይ እየተሰረቁ ለውጭ አገር ሰብሳቢዎች ተሸጡ። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ ከምስሎቹ ብዙዎቹ ከቦታቸው ጠፍተው ነበር። በተጨማሪም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ቱሪስቱ ቦሌ ላይ ዕቃው ከተያዘበት፣ የሸጠለትን ሱቅ ስም በመልካም አያነሣም። አዲስ ለተሠራ ዕቃ ግን ሱቁ ማን እንደ ሠራው፣ የት እንደ ተሠራና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተሠራ የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ቢያስርበት፣ ገዢውም ደስ ይለዋል፣ ተቆጣጣሪውም አይቸገርም።

ምን ዓይነት ዕቃ ይሠራ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው ባይ ነኝ። ትልቁ ጎርፋ ለአዲስ አበባ ቤት አይመችም፤ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፣ ዋጋውም ይከብዳል። አንድ ጭብጥ የሚያህለው ጎርፋ ግን በግድግዳ ይንጠለጠላል፣ በጠረጴዛ ይቀመጣል፣ እርሳስም ሆነ የደረቀ አበባ ይይዛል። የዚህን ዓይነቱን ትንሽ ሥራ ገና ስፌት የምትማር ልጃገረድ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልትሠራው ትችላለች። በጨሌ የተሰፋ የስኒ ማስቀመጫ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ከቃጫ የተጎነጎነ የመጽሐፍ ዕልባት፣ ከቅል የተሠራ መብራት መሸፈኛ፤ ለእነዚህ መኪናም መብራትም አያስፈልግም። መርፌ፣ ወስፌ፣ መቀስና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚታየኝ ግን ዕጣን ነው። የቦረናና የሊበን ቆላ ዕጣን፣ ከርቤና ሙጫ የሚለቀምበት አገር ነው። እኛ ዕጣኑን በጆንያ እንጭነዋለን፣ በኪሎ እንሸጠዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ይጠፋል። ጥቂት ግራም የተመረጠ ዕጣን በትንሽ የተሰፋ ሙዳይ ተደርጎ፣ ከሸክላ ማጨሻ ጋር በአንድ ካርቶን ቢታሰር፣ ይህ በሠርግም፣ በበዓልም፣ በውጭ አገር ላለ ዘመድም የሚላክ ስጦታ ነው። ማጨሻውን በተመለከተ፣ የሶማሌ ሴቶች ዳብቃድ የሚሉት ዕቃ ቅርጹ ያማረ ስለ ሆነ ከፊልቱና ከዶሎ በኩል ቢመጣ መልካም ነው። ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት ምንጣፍም እንዲሁ፤ በመጠኑ ቢያንስ የግድግዳ ጌጥ ይሆናል። የጉጂ ቡና ደግሞ ስሙ በዓለም የታወቀ ነው። በእኛ አገር ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ ለእንግዳና ለምርቃት ማቅረብ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ለዚሁ የሚሆነውን ትንሽ ዕቃ ከአንድ ከረጢት የሻኪሶ ቡና ጋር አድርጎ መሸጥ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ከረጢት ካነሣሁ አይቀር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል። ብዙ ባለሱቆች ይህን እንደ ጭንቅ ብቻ ያዩታል። ከቃጫ የሚጎነጎነውን ዘንቢል እንደ ገና ወደ ገበያ ለማምጣት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ግን አይገኝም።

አንድ ዕቃ ግን ባይነካ እመርጣለሁ፤ እርሱም ስንቄ ነው። ስንቄ ያገባች ሴት የምትይዘው በትር ሲሆን፣ የመብቷና የክብሯ ምልክት ነው፤ ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ ጠብ ይቆማል። ይህን በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አድርጎ መሸጥ ለእኔ አይዋጥልኝም። በዚህ የማይስማሙ መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ጉዳዩን ግን ነጋዴ ሳይሆን ባለቤቶቹ ሴቶችና የአገር ሽማግሌዎች ቢወስኑት ይሻላል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ በስሙ የሚነግደው ስለ በዛ፣ ጥንቃቄው ከወዲሁ ቢሆን አይከፋም።

ከውጭ አገር ዕቃ አስመጪዎች «ይህ ጉዳይ እኛን ምን አገባን?» ሊሉ ይችላሉ። ያገባቸዋል። የቦረና ሴት የምታጌጥበት ጨሌ ከመጀመሪያውም የነጋዴ ዕቃ ነው። ወደ አፍሪቃ ይመጣ የነበረው የመስታወት ጨሌ ከቬኒስና ከቦሔሚያ የተሠራ ነበር፤ ዛጎሉም ከሕንድ ውቅያኖስ ነው የሚገኘው። ስለዚህ «የአገር ባህል» የምንለው ጌጥ ከጥንት ጀምሮ የአገር ውስጥ እጅና የሩቅ አገር ንግድ አብረው የሠሩት ነው። ዛሬ በገበያችን የሚገኘው የፕላስቲክ ጨሌ በፀሐይ ቀለሙ ይለቃል፤ ክሩም ይበጠሳል። ጥሩ የመስታወት ጨሌ፣ ጠንካራ የሰም ክርና የማይዝግ መርፌ የሚያመጣልን አስመጪ ቢገኝ፣ የስፌቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ እርሱም ደንበኛ ያገኛል። በአንጻሩ ግን የአገር ልብስ ጥለት አስመስሎ በውጭ አገር ፋብሪካ የታተመ ጨርቅ እያመጡ በባህል ልብስ ስም የሚሸጡት ሰዎች፣ የሸማኔውን እንጀራ ከአፉ እንደሚነጥቁ ሊነገራቸው ይገባል።

አሁን ደግሞ የዕቃዎቻችንን ጉድለት ልናገር፤ ሸቀጡን የሚያመሰግን ሰው ጉድለቱን ቢደብቅ አይታመንም። እርጥብ እንጨት የተቀረጸ እንደ ሆነ ደረቅ ቤት ሲገባ ይሰነጠቃል። በደንብ ያልደረቀ ቅል ይሻግታል። ቃጫውን ነቀዝ፣ ቆዳውንም ብል ይበላዋል፤ ስለዚህ ዕቃው ከመታሸጉ በፊት ብዙ ቀን በፀሐይ መድረቅና መታጠን ያስፈልገዋል። ያልለፋ ቆዳ ይሸታል፤ ወደ ውጭ አገርም ቢላክ በብዙ አገሮች የእንስሳት ጤና ተቆጣጣሪዎች እጅ ይወድቃል። የዱር አውሬ ነገርማ ፈጽሞ አይነካ። የቀድሞው ኦኮሌ ከቀጭኔ ቆዳ ይሰፋ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ዛሬ ግን ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ስለ ሆነች፣ የዝሆን ጥርስም ሆነ የነብር ቆዳ የሚሸጥ ነጋዴ ራሱን ለእስራት ያዘጋጃል። የላም ቆዳና የፍየል ቆዳ ለእኛ ይበቃናል።

የመጠን ነገርም አለ። የአዲስ አበባ ሱቅ 50 ትንንሽ ጎርፋ ሲያዝ፣ 50ው ሁሉ ተቀራራቢ እንዲሆን ይፈልጋል። ሴቶቻችን ደግሞ ሁለት ዕቃ አንድ ዓይነት መሥራትን እንደ ሙያ ጉድለት ያዩታል፤ እያንዳንዱ ስፌት የራሱ መልክ ይኑረው ባዮች ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ያገኘነው መላ፣ ቁመቱንና የአፉን ስፋት በተቆረጠ ሸምበቆ ለክቶ መስጠትና ጌጡን ለእነርሱ መተው ነው። እስካሁን በዚህ የተከፋ ገዢ አላጋጠመንም።

ስለ ዋጋ የምናገረው ጥቂቶችን ሳያስቆጣ አይቀርም። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት ሴት ትንሿን ጎርፋ በ6 ቀን ትጨርሳለች እንበል። የአንድ ቀን ድካሟ በከተማው ለቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው በግማሽ ቢታሰብላት እንኳ፣ የ3 ቀን ሙሉ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ይሆናል፤ በዚህ ላይ የጨሌው፣ የዛጎሉና የቆዳው ይጨመራል። ከዚህ በታች የሚከፍል ነጋዴ እጇን በነፃ ወስዷል ማለት ነው። እርሷም በሁለተኛው ጊዜ አትመጣም፤ ወይም ስፌቱን አላልታ ታመጣለች። ይህ የሚሆነው የእጅ ባለ ሙያን ከመናቅ የተነሣ ነው። በደጋውም በቆላውም ያለ አሮጌ በሽታ ነው፤ ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋንም በሌላ የስድብ ስም የሚጠራው ሰው ማረሻውንና ጀበናውን ያለ እነርሱ አያገኝም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። በእኛም አካባቢ ቱምቱ የሚባሉት ቀጥቃጮች የሚሠሩትን አምባር የማይገዛ የለም፤ ከእነርሱ ጋር ማዕድ የሚቀርብ ግን አሁንም ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም የተደረገውንም እንመልከት። በሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም. ከደረሰው እልቂት በኋላ ባሎቻቸው የተገደሉባቸውና ባሎቻቸው የታሰሩባቸው ሴቶች በአንድነት ተቀምጠው አጋሰኬ የተባለውን ሙዳይ ሰፉ፤ ከ1998 ዓ.ም. ግድም ጀምሮም ሜሲስ የተባለው የአሜሪካ ታላቅ መደብር ይሸጥላቸው ጀመር። ይህ የሆነው ሙዳዩ ከሌላው አገር ሙዳይ በእጅጉ ስለ ተሻለ ብቻ አይደለም፤ መጠኑን ጠብቆ፣ በቀኑ ደርሶ፣ ከነታሪኩ ስለ ቀረበ ነው። የስም ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነም ከራሳችን ቡና ተምረናል። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተከራክራ በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስምምነት ጨርሳለች። ነገሌም በቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረች ከተማ ናት። የቦረና ጎርፋ ስምም ሌላ ሰው ሳይቀድም በማኅበር ስም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ስለሚመዘገብበት መንገድ ቢጠየቅ ጊዜው ነው።

ሌላ ሰው ሊቀድም ይችላል ማለቴ በከንቱ አይደለም። የሐዋሳና የሞያሌ መንገድ፣ እንዲሁም በሞያሌ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ ተመርቀዋል። መንገዱ ናይሮቢን አቅርቦልናል፤ እኛንም ለናይሮቢ አቅርቦናል። በናይሮቢ የማሳይ ገበያ በሚባለው ስፍራ የጨሌ ጌጥና የቃጫ ዘንቢል ለቱሪስት የሚሸጡ ሰዎች ሥራውን ከእኛ እጅግ ቀድመው ለምደውታል። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ቦረናም ይህንኑ ጎርፋ ይሰፋል። እኛ ከተኛን ከጥቂት ዓመት በኋላ የቦረናን ማስታወሻ ከሽሮ ሜዳ ሳይሆን ከኬንያ እናስመጣ ይሆናል።

በመጨረሻም በሙያዬ የሚመለከተኝን የመዝገብ ነገር ላንሣ፤ ነጋዴዎች ከዚህ ሥራ የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነውና። ስፌት ሠሪዋ ፈቃድም ደረሰኝም የላትም። ነጋዴው የከፈላትን ገንዘብ በሒሳብ ምርመራ ጊዜ ወጪ ነው ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ደረሰኝ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ይመርጣል። እኛ የምናደርገው የሻጭዋን ስም፣ የቀበሌዋን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሯን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና የተከፈለውን ገንዘብ በተራ ቁጥር በታተመ የግዢ ሰነድ ላይ ጽፎ ማስፈረም ነው፤ መጻፍ የማትችለውም በጣት ታትማለች። ቀብድ ሲሰጥ በሌላ ገጽ ይጻፋል፤ ዕቃው ሲገባ ይቀናነሳል። እያንዳንዱ ነጋዴ ግን ይህን ከማድረጉ በፊት የየከተማውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት አሠራር ቢጠይቅ መልካም ነው። ሴቶቹ በማኅበር ተደራጅተው አንድ ፈቃድ ቢያወጡማ ችግሩ ከሥሩ ይቀላል።

ለንግድ ምክር ቤታችን የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከየከተማው አምስት አምስት ናሙና ተሰብስቦ፣ መጠኑና ዋጋው ተጽፎበት፣ በእጅ ስልክም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለአዲስ አበባ ሱቆችና ለሆቴሎች በቴሌግራም ይላክ። ሁለተኛ፣ ይህን ግዢ የሚመለከት አንድ ዓይነት የሰነድ ቅጽ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ጋር ተመካክሮ ያሳትምልን። የነገሌን ናሙና ለመሰብሰብና ቅጹን ለመርቀቅ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሸምበቆውም ተለክቶ በመደብራችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።